ያገለገለ የኤሌክትሪክ ሳይክል አመራረጥና አያያዝ (ከራሴ ገጠመኝ)

ብልህ ከሰው ስህተት፣ ሞኝ ከራሱ ስህተት ይማራል ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የማካፍላችሁ ከራሴ የተማርኩትን ነው። ውድ አንባቢያን፣ እናንተ ግን ከእኔ ተምራችሁ ከብልሆቹ ወገን እንድትቆጠሩ በማሰብ ጻፍኩት። ነገሩ በ2017 ዓ.ም. መስከረም ላይ ስለገዛሁት አንድ ያገለገለ የኤሌክትሪክ ሳይክል ነው። የኤሌክትሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪ ሆኜ፣ ቴስተር በእጄ ይዤ፣ ለክቼ ገዝቼ ተታለልኩ። ሰውዬው የነገረኝ ቁጥር ውሸት አልነበረም፤ እኔም የለካሁት ቁጥር ትክክል ነበር። የተሳሳትኩት መቼና እንዴት መለካት እንዳለብኝ ባለማወቄ ነው።

ለምን የኤሌክትሪክ ሳይክል?

ባሕር ዳርን የሚያውቅ ሁሉ ከተማችን የሳይክል ከተማ መሆኗን ያውቃል። መሬቱ ሜዳ ነው፤ ሽማግሌውም ተማሪውም ፔዳል ይመታል። እኔ የምኖረው ግን ከአባይ ድልድይ ማዶ፣ በዘንዘልማ መስመር ተከራይቼ ነው። ጠዋት ክፍል ለመድረስ፣ ከሰዓት በኋላ ለትርፍ ሥራ፣ ማታ ወደ ቤት፣ በየቀኑ ለባጃጅና ለታክሲ የማወጣው ገንዘብ ወር ሲሞላ ከቤት ኪራዬ ጋር መፎካከር ጀመረ። በተራ ሳይክል ሞከርኩት፤ በግንቦት ፀሐይ ላብ በላብ ሆኖ ክፍል መግባት ለጎን ተቀማጭም ፈተና ነው።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ከተነገረ ወዲህ የኤሌክትሪክ ነገር የሁሉም ሰው ወሬ ሆኗል። አዲስ ሳይክል ለእኛ ለተማሪዎች የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ ያገለገለ መፈለግ ግድ ሆነ። ገንዘቡን የላከችልኝ አረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራው ታላቅ እህቴ ናት። 24 ሺህ ብር ነው። ለእሷ ስንት ወር ልፋት እንደሆነ አውቃለሁ። "አንተ ባለሙያ ነህ፣ አትሸወድም" ብላ ነው የላከችልኝ።

የተሸወድኩበት ቀን

ሳይክሏን ያገናኘኝ ደላላ ነው። ቻይና ሠራሽ ናት፤ ፔዳል አላት፣ ሞተሯ የኋላ ጎማው መሐል ተገጥሞ 350 ዋት ተጽፎበታል፣ ከወንበሩ ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ ባለ 12 ቮልት 12 አምፒር ሰዓት የሆኑ አራት የሊድ አሲድ ባትሪዎች በተርታ ተያይዘው 48 ቮልት ይሰጣሉ። ቀለሟ ተወልውሎ ያበራል። ስደርስ ቻርጀር ላይ ነበረች። ሰውዬው "ሙሉ ነው፣ አሁን ነው የነቀልኩት" አለኝ። እኔም ቴስተሬን አውጥቼ ለካሁ፦ 52.4 ቮልት። ደስ አለኝ! የ48 ቮልት ባትሪ 52 ካሳየ ምን እፈልጋለሁ ብዬ። ሜዳ አስፋልት ላይ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ነዳኋት፤ እንደ ነፋስ ሄደች። ደላላው "ወንድሜ፣ ሌላ ሰው እየመጣ ነው" አለ። ይህቺ አባባል በመጣች ቁጥር ኪሳችሁን ያዙ። እኔ ግን ከፈልኩ። ውል የለ፣ እማኝ የለ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንደሚባለው ሆነ።

ሦስት ሳምንት ያህል በሜዳው ላይ ጥሩ አገለገለችኝ። አንድ ቅዳሜ ማታ 25 ኪሎ ጤፍ ከኋላ ጭኜ ድልድዩን ተሻግሬ፣ ቤዛዊት ሰፈር ለሚኖሩ ዘመዶቻችን ላደርስ አቀበቱን ስጀምር ሞተሩ ቀጥ አለ። ከሞተሩ ጋር መብራቱም ጠፋ፤ ምክንያቱም የፊቱም የኋላውም መብራት የሚበላው ከዚያው ባትሪ ነው። ጨልሟል። ከኋላዬ አሸዋ የጫነ መኪና እየመጣ ነበር። ሾፌሩ ያየኝ በመጨረሻዋ ሰዓት ነው፤ ጥሩምባውን እየነፋ በጎኔ ሲያልፍ ንፋሱ ጤፉንም እኔንም ጠርዝ ላይ ጣለን። ጉልበቴ ከመላላጡ በቀር ምንም አልሆንኩም። ተመስገን ነው።

የሚገርመው ጥቂት ደቂቃ አርፌ ቁልፉን ሳዞረው መብራቱ ቦግ አለ። ቴስተሩ አሁንም ከ50 ቮልት በላይ ያሳያል! ትንሽ እንደሄድኩ ግን ደግሞ ቀጥ። በዚህ መልክ እየገፋሁ ቤት ደረስኩ።

ችግሩ ምን ነበር?

ሰኞ ዕለት ለላብራቶሪ መምህራችን ነገርኳቸው። ሳይክሏን እንኳ ሳያዩ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ "በጭነት ለክተኸዋል?" አፈርኩ። በአንደኛ ዓመት የተማርነው ነው። ማንኛውም ባትሪ በውስጡ የራሱ ተቃውሞ አለው። ባትሪው ምንም ካረንት ሳይሰጥ ስትለኩት ይህ የውስጥ ተቃውሞ አይታይም። ካረንት ሲሰጥ ግን ካረንቱ በውስጥ ተቃውሞው ተባዝቶ ከቮልቴጁ ይቀነሳል። ባትሪው ባረጀና በደከመ ቁጥር የውስጥ ተቃውሞው ይጨምራል። በተጨማሪም ከቻርጀር ገና የተነቀለ የሊድ ባትሪ ከትክክለኛው ከፍ ያለ ቮልቴጅ ያሳያል፤ ይህ የላይ የላይ ቻርጅ ጥቂት ሰዓት ሲያርፍ ወይም ትንሽ ሲሠራ ይጠፋል። ሰውዬው "አሁን ነው የነቀልኩት" ያለኝ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

አራቱን ባትሪዎች ለያይተን፣ ሞልተን፣ ሌሊቱን አሳርፈን ለካናቸው። ከዚያ ሁለት ባለ 55 ዋት የመኪና የፊት መብራት አምፖሎችን በትይዩ አያይዘን በእያንዳንዱ ባትሪ ላይ ጫንን። ሁለቱ አምፖሎች በአንድ ላይ 9 አምፒር ገደማ ይስባሉ። ሦስቱ ባትሪዎች ከ12.7 ወደ 12.1 ወረዱ። አራተኛው ግን ሲያርፍ 12.6 የነበረው በጭነት 9.3 ሆነ። በእረፍት ጊዜ በጤነኛውና በታማሚው መካከል ያለው ልዩነት 0.1 ቮልት ብቻ ነው፤ በጭነት ግን ወደ 3 ቮልት ደረሰ።

ሒሳቡን እንሥራው። የሦስቱ እያንዳንዳቸው የውስጥ ተቃውሞ 0.6 ሲካፈል ለ9፣ ማለትም 0.07 ኦም ገደማ ነው። የአራተኛው 3.3 ሲካፈል ለ9፣ ማለትም 0.37 ኦም ገደማ ነው። ሜዳ ላይ ሳይክሏ 5 አምፒር ያህል ስትስብ አራተኛው ወደ 10.8 ይወርዳል፤ የአራቱ ድምር ግን ወደ 48 ይጠጋል፣ ስለዚህ ምንም አይታወቅም። አቀበት ላይ 15 አምፒር ስትስብ ግን አራተኛው ወደ 7 ይወርዳል፣ ሦስቱ ወደ 11.7 ይወርዳሉ፣ ድምሩ 42 ገደማ ይሆናል። የ48 ቮልት የሊድ ባትሪ ሳይክሎች ኮንትሮለር ደግሞ ባትሪውን ለመጠበቅ ሲል 42 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ሞተሩን ያቋርጣል። ያቺ ማታ የሆነው ይኸው ነው። ጭነቱ ሲቆም ቮልቴጁ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ለዚህ ነው ካረፈች በኋላ የምትነሳው።

ቀጥሎ ደግሞ አቅማቸውን ለካን። አንድ አምፖል ብቻ (4.6 አምፒር ገደማ) አያይዘን፣ ባትሪው 10.5 ቮልት እስኪደርስ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ በሰዓት ያዝን። ሦስቱ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ቆዩ፤ ይህ 8.4 አምፒር ሰዓት ነው፣ ከ12 ውስጥ 70 በመቶ። ለአሮጌ ባትሪ ደህና ነው። አራተኛው በ22 ደቂቃ አለቀ፤ 1.7 አምፒር ሰዓት መሆኑ ነው። በተርታ የተያያዙ ባትሪዎች ልክ እንደ ካቴና ናቸው፤ ጥንካሬያቸው የሚለካው በደካማዋ ቀለበት ነው።

ልትገዙ ስትሄዱ

ከዚህ ሁሉ በኋላ የደረስኩበት ድምዳሜ አንድ ነው፦ ያገለገለ የኤሌክትሪክ ሳይክል ስትገዙ የምትገዙት ባትሪ ነው፤ ብረቱና ጎማው ምርቃት ነው። ስለዚህ የሚከተለውን ቅደም ተከተል እንድትጠቀሙ እመክራለሁ።

1. ከመሄዳችሁ በፊት ለሻጩ ደውላችሁ "ቻርጀር ላይ አታድርገው፣ ካደርክበት ሌሊት ጀምሮ ይረፍ" በሉት። እምቢ ካለ ምክንያቱን ጠይቁት።

2. ባትሪዎቹን አንድ በአንድ ለኩ። ድምሩን ብቻ የለካ ሰው እኔን ሆነ ማለት ነው። ያረፈ ሙሉ የሊድ ባትሪ 12.7 እና ከዚያ በላይ፣ ግማሽ የሆነ 12.2 ገደማ ያሳያል። ከ11.8 በታች ሆኖ ለሳምንታት የተቀመጠ ከሆነ ተስፋ አታድርጉበት። ሆዱ ያበጠ ወይም ራሱ አካባቢ ነጭና አረንጓዴ ዝገት የያዘም እንደዚያው።

3. አቀበት ላይ ንዱ። ከተማችን ሜዳ ስለሆነች ሻጭ ሁሉ ሜዳ ላይ ያስነዳችኋል። ቤዛዊት አቀበት ድረስ ውሰዱት ወይም ከኋላ ሰው ጫኑ። ቴስተሩን በሳጥኑ ጫፎች ላይ አስራችሁ፣ ጓደኛችሁ እያየ ይሁን። ቮልቴጁ ሲነዳ ትንሽ ወርዶ መቆም አለበት፤ እንደ ድንጋይ ከወደቀ ባትሪው አልቋል።

4. ኮንትሮለሩንና ሞተሩን ፈትሹ። ኃይሉን አጥፍታችሁ የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሥታችሁ በእጅ ወደ ኋላ አዙሩት። እየተንገጫገጨ ጠንክሮ የሚዞር ከሆነ ከኮንትሮለሩ የሚመጡትን ሦስቱን ወፋፍራም ገመዶች (ብዙውን ጊዜ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ናቸው) ነቅላችሁ፣ ጫፎቻቸው እርስ በርስ ሳይነካኩ እንደገና አዙሩት። ያን ጊዜ ከቀለለ ኮንትሮለሩ ውስጥ ያለው ትራንዚስተር ተቃጥሎ ሾርት ሆኗል ማለት ነው። ነቅላችሁም ካልቀለለ ችግሩ ከሞተሩ ነው። ሞተሩ ሲነሳ የሚንቀጠቀጥና የሚያመነታ ከሆነ ደግሞ ሆል ሴንሰሮቹን ጠርጥሩ። ሴንሰሮቹ 5 ቮልት ይቀበላሉ፤ ጎማውን ቀስ ብላችሁ ስታዞሩ የእያንዳንዱ ምልክት ከዜሮ ወደ 5 አካባቢ ወጣ ገባ ማለት አለበት። የነዳጅ መስጫው እጀታም (ነዳጅ ባይኖረውም ስሙ አልተቀየረም) በተመሳሳይ በ5 ቮልት ይሠራል፤ ሲለቀቅ 1 ቮልት ገደማ፣ እስከ መጨረሻ ሲጠመዘዝ 4 ገደማ ይሰጣል።

5. ብረቱን እዩ። የኤሌክትሪክ ሳይክል ከተራው በብዙ ኪሎ ይከብዳል፤ አራቱ ባትሪዎች ብቻ 16 ኪሎ ገደማ ናቸው። ስለዚህ ፍሬኑ፣ የኋላው ጎማ ራጂና የሞተሩ ዘንግ ዳዶዎች የሕይወት ጉዳይ ናቸው። ዘንጉ የተቀመጠበት ቦታ ተበልቶ ወይም በብየዳ ተጠግኖ ካያችሁ ተዉት፤ ሞተሩ ጎማውን ወደ ፊት በሚያዞርበት ኃይል ልክ ዘንጉን ወደ ኋላ ይጠመዝዘዋል። ካቴናውን በማስመሪያ ለኩት፦ አዲስ ሲሆን 24 ቁልፍ 30.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ 30.7 ከደረሰ መቀየሪያው ደርሷል።

6. ውል ጻፉ። የሻጩን መታወቂያ ቅጂ፣ በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር፣ የሁለት እማኞችን ፊርማ ያዙ። የተሰረቀ ንብረት ገዝቶ ፖሊስ ጣቢያ መመላለስ ከባትሪ ይብሳል።

7. ዋጋ ስትቆርጡ ባትሪው ዜሮ ብር ነው ብላችሁ ጀምሩ። የአዲስ ሙሉ ባትሪ ዋጋ አስቀድማችሁ ጠይቁና ከተጠየቃችሁት ዋጋ ቀንሱት። የሚቀረው ቁጥር ለብረቱና ለሞተሩ ተገቢ መስሎ ከታያችሁ ተደራደሩ። ባትሪው ደህና ሆኖ ከተገኘ እሰየው፣ ትርፍ ነው።

ሊቲየም ከሆነስ?

አሁን አሁን ባለ ሊቲየም ባትሪ ሳይክሎችም በዝተዋል። የሊድ አሲድ ባትሪ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 ከሠራው ጀምሮ ያለ ሽማግሌ ቴክኖሎጂ ሲሆን፣ ሊቲየም አዮን ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ቀላል ነው፣ ዕድሜውም ይረዝማል፤ ነገር ግን ሲቆጣ ክፉ ነው። በኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ በሊቲየም አዮን ባትሪ በተነሣ እሳት 18 ሰዎች ሞተዋል።

በተለይ አንድ ነገር አደራ የምላችሁ የቻርጀር ጉዳይ ነው። "ሁለቱም 48 ቮልት ነው" ተብሎ የሊድ ቻርጀር በሊቲየም ባትሪ ላይ አይሰካም። 13 ሴል በተርታ ያለው የ48 ቮልት ሊቲየም ሲሞላ 54.6 ቮልት ነው፤ የሊድ ቻርጀር ግን እስከ 58 እና 59 ይወጣል። በባትሪው ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ሰርክዩት ያድነው ይሆናል፤ በአሮጌ ባትሪ ላይ ግን ይህ ሰርክዩት ራሱ የተበላሸ ወይም በጠጋኝ የታለፈ ሊሆን ይችላል። ያበጠ፣ የወደቀ፣ ውኃ የገባበት፣ ወይም ከአሮጌ ላፕቶፕ ሴል እየተለቀመ የተገጣጠመ የሊቲየም ባትሪ በርካሽ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። የሊድ ባትሪ ሲሞት መንገድ ላይ ያስቀራችኋል፤ የሊቲየም ባትሪ ሲከፋ ቤት ያቃጥላል።

ከገዛችሁ በኋላ፦ አያያዝ

የሊድ ባትሪ ጠላት ባዶ ሆኖ መቀመጥ ነው። ባትሪው ባዶ ሆኖ ሲቀመጥ በሊዱ ሰሌዳ ላይ የሰልፌት ክሪስታል ይጋገርና እየጠነከረ ይሄዳል፤ ከቆየ በኋላ ቻርጀር አይፈታውም። ስለዚህ አጭር መንገድም ቢሆን ነድታችሁ ስትመለሱ በዚያው ቀን ሙሉት። "ባዶ ሳይሆን አይሞላም" የሚለው ወሬ ለሊድ ባትሪ ፍጹም ስህተት ነው። ለዕረፍት አገር ቤት ስትሄዱ ሞልታችሁ፣ ከኮንትሮለሩ ነቅላችሁ አስቀምጡ፤ ከወር በላይ ከቆያችሁ የሚሞላላችሁ ሰው ይኑር። ሊቲየም ከሆነ ግን ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠው ሙሉ ሆኖ ሳይሆን ግማሽ አካባቢ ሆኖ ነው።

ቻርጅ ስታደርጉ አየር የሚገባበት ቦታ ይሁን፤ አልጋ ሥር አይሆንም። የሊድ ባትሪ መሙያው መጨረሻ ላይ ሃይድሮጅን ጋዝ ሊያወጣ ይችላል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚወጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ ቻርጀር ይበላልና መብራት ሲጠፋ ንቀሉት፤ ተመልሶ ሲረጋጋ ሰኩት። የራሱ ያልሆነ ቻርጀር ከመሰካታችሁ በፊት ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን በቴስተር አረጋግጡ፤ መሰኪያው ተመሳሳይ ሆኖ አቅጣጫው የተገለበጠ ብዙ ነው። አንዳንዱ መሰኪያ የኮምፒውተር ገመድ ስለሚመስልም ግቢ ውስጥ ላሉ ልጆችና ለቤት አከራያችሁ ንገሯቸው፤ 220 ቮልት በቀጥታ ከገባበት መመለሻ የለውም።

አንዱ ባትሪ ሲሞት አንድ አዲስ ብቻ ገዝቶ ከሦስት አሮጌ ጋር ማያያዝ ገንዘብ የቆጠቡ ያስመስላል እንጂ አያዋጣም። በተርታ ስለሆኑ ሁሉም አንድ ዓይነት ካረንት ነው የሚያልፍባቸው። ስትነዱ አሮጌዎቹ ቀድመው ያልቃሉ፤ ስትሞሉ ቀድመው ሞልተው ይፈላሉ፤ አዲሱ ደግሞ በደንብ ሳይሞላ ይቀራል። እኔ ያደረግሁት ከአንድ ጠጋኝ ዘንድ ያገለገሉ ባትሪዎችን በአምፖል እየለካሁ 8 አምፒር ሰዓት ገደማ ያለው መምረጥ ነበር። አሮጌን ከአሮጌ ጋር አጋባሁት ማለት ነው። አምስት ወር አስኬደኝ። በዚያ ጊዜ ውስጥ አጠራቅሜ አራቱንም በአንድ ቀን በአዲስ ቀየርኩ።

በክረምት ደግሞ ውኃ ዋና ጉዳይ ነው። ኮንትሮለሩና የገመድ ማያያዣዎቹ ዝናብን ለጥቂት ጊዜ ይችላሉ፤ ጎማው ዘንግ ድረስ በሚደርስ ጎርፍ ውስጥ መንዳትን ግን አይችሉም። ገመዱ ወደ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ታጥፎ ውኃው እንዲንጠባጠብ አድርጉት። ስታጥቡም በጨርቅ እንጂ በመኪና ማጠቢያ ፖምፓ አይሁን። በሦስት ወር አንዴ ማያያዣዎቹን ነቅላችሁ አረንጓዴ ዝገት ካለ ጥረጉ፣ የላላ ካለ አጥብቁ፤ የላላ ማያያዣ ይግላል፣ የጋለ ደግሞ ፕላስቲኩን ያቀልጣል። የዘንጉን ዳዶዎች በየሳምንቱ በቁልፍ ፈትሹ። የጎማውን ንፋስ ጎማው ላይ ከተጻፈው ልክ አታሳንሱ፤ የጎደለ ጎማ ባትሪ ይበላል፣ ቸርኬም ያጣምማል።

በመጨረሻም የሞተ ባትሪ ግቢ ውስጥ አይጣልም፣ አይከፈትም። ውስጡ ሊድና አሲድ ነው፤ ሊድ ደግሞ ከሁሉ በላይ ሕፃናትን ይጎዳል። አሮጌ ባትሪ በኪሎ የሚገዙ ስላሉ ሳትከፍቱ ሽጡላቸው።

ልሸጣት ነበር

አንድ ያልተናገርኩት ነገር አለ። ያቺ አራተኛ ባትሪ እንደሞተች ካወቅሁ በኋላ፣ ሌላ ባትሪ ከማፈላለጌ በፊት፣ ያው ደላላ ደወለልኝ። "ገዢ አለኝ፣ በገዛህበት አስመልስልሃለሁ፣ ብቻ ሞልተህ ጠብቀን" አለኝ። ልቤ ተመኘው። የእህቴ ገንዘብ ነው፣ እኔም ተታልዬ ነው፣ ዓለም እንዲህ ናት ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሌሊቱን ቻርጀር ላይ አሳደርኳት። ጠዋት ገዢዋ መጡ። እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶች የሚያስረክቡ እናት ናቸው፤ ለሚያደርስላቸው ልጃቸው ነው የሚገዙት። ቴስተሩ 52 ቮልት ከምናምን ያሳያል። ደላላው እያሞገሰ ነው። እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞረው "ልጄ፣ ጭነት ትችላለች? ዳገት ትወጣለች?" አሉኝ።

መምህራችን የጠየቁኝን ጥያቄ ነው የጠየቁኝ። ኦም አያውቁ፣ አምፒር አያውቁ፣ ግን የሚጠየቀውን ያውቃሉ። የጭነት መኪናው ጥሩምባ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። "አትችልም እትዬ፣ አንዱ ባትሪ ሞቷል" አልኳቸው። ደላላው ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኬን አያነሳም። እሳቸው ግን ከወር በኋላ ሌላ ሳይክል አግኝተው "መጥተህ እይልኝ" ብለው ጠሩኝ። ሁለቱን አምፖሎች ይዤ ሄድኩ። ባትሪዎቹ ደህና ነበሩ፤ ገዙ። ለድካሜ ብለው አምስት እንጀራ ጠቅልለው ሰጡኝ።

እንግዲህ ለማጠቃለል ያህል፣ የእኔ ሳይክል ከነባትሪዋ ከታሰበው በላይ ወጪ አስወጥታኛለች፤ ቢሆንም ዛሬም እየነዳኋት ነው፣ የባጃጅ ወጪዬንም ከሞላ ጎደል አስቀርታልኛለች። ለእህቴ እውነቱን የነገርኳት ቆይቼ ነው። ዝም አለችና "ታዲያ አሁን ዳገት ትወጣለች?" አለችኝ። "ትወጣለች" አልኳት። ለክቼ ነው የመለስኩላት።

ያገለገለ ሳይክል ለመግዛት ያሰባችሁ የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች ካላችሁ፣ ሁለቱ አምፖሎች ላብራቶሪ መሳቢያ ውስጥ አሉ። መምህራችንን አስፈቅዳችሁ ተዋሷቸው።